ሊቀ እርማትና የአርባ ደቂቃዋ ሴት

ውሃ የማይጠፋበት ሰፈር አላውቅም፤ አራሚ የሚጠፋበት ሰፈርም አላውቅም። መብራት ሲሄድ በአጥር ላይ አንገታችንን አስግገን «እናንተም ጋ ጠፋ?» እንባባላለን። አራሚያችን ጠፍቶብን ግን እንዲህ የተባባልንበት ቀን የለም። በየመንደሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሐዘንተኛ በተቀመጠበት ሁሉ አንድ አለ። ቀን ስትሳሳቱ ቀኑን፣ ስም ስትሳሳቱ ስሙን፣ ምንም ሳትሳሳቱ ደግሞ አቀማመጣችሁን ያርማል።

እኔ በዕድሜዬ ከብዙዎቹ ጋር ኖሬአለሁ። የሁሉም አለቃ ግን እሳቸው ናቸው። ዛሬም አሉ፤ ዕድሜ ይስጣቸው። እኔ በጽዳት፣ በደወልና በተላላኪነት ባገለገልኩበት ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ተማሪው «ቀዩ እስክሪብቶ» ይላቸው ነበር። እኛ የበታች ሠራተኞች ግን እንዲህ ያለ ሰው ማዕረግ ይገባዋል ብለን «ሊቀ እርማት» አልናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ዘበኛችን ነው። በሰሙ ጊዜ ይቆጣሉ ብለን ስንፈራ፣ ዘበኛውን ጠርተው «ከሰጠኸኝ አይቀር አጥብቀህ ጥራው፤ አፍህ ውስጥ አታላምጠው» አሉት።

እኔን ደግሞ እትዬ ደወል ይሉኛል። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገቡ ብቻ ነበር።

ሊቀ እርማት በአፋቸው «ተሳሳትክ» ብለው አያውቁም። ስህተት ሲሰሙ መጀመሪያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ጥርሱን እንደታመመ ሰው። ቀጥለው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ በከረባታቸው ጫፍ ይወለውሉታል፣ መልሰው ያደርጉታል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስቲ አንድ ጊዜ ድገምልኝ» ይላሉ። ያን ጊዜ አለቀላችሁ። ብትደግሙት ያው ስህተት ነው፤ ባትደግሙት ፈሪ ትባላላችሁ። «ስህተትን ዝም ብለህ ካለፍካት ትወልዳለች» ይሉ ነበር። «ልጆቿን ማን ሊያሳድግልህ ነው?»

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ማስታወቂያው ላይ አንዲት ፊደል ተገልብጣ ኖሯል። እኛ ዓመት ሙሉ በሥሯ ስናልፍ አላየናትም፤ እሳቸው ባዩዋት ቀን ጠመኔ ይዘው ወንበር ላይ ወጡ። ሰውየው ምላጩን እንደያዘ ብቅ አለና፣ «መምህር፣ እኔ የምቆርጠው ፀጉር ነው። ሰው ለፊደሌ ብሎ አይመጣም» አላቸው።

«ፊደልህን እንዲህ ያደረግህ፣ ጆሮዬን ምን ልታደርገው ነው?» አሉት ከላይ ሆነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውየው የእሳቸውን ፀጉር ሲያስተካክል እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ሰኞ ጆሯቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው መጡ። «አላልኩትም?» ከማለት በቀር ምንም አላማረሩም።

ርዕሰ መምህሩ ንግግር ያላቸው ቀን ሊቀ እርማትን ወደ ቤተ መጻሕፍት ይልኳቸው ነበር፤ አዲስ የመጡትን መጻሕፍት እዩልኝ እያሉ። ንግግሩ በሰላም ያልፋል። ሊቀ እርማት ግን መጻሕፍቱ ውስጥ ያገኟቸውን ስህተቶች በሦስት ገጽ ዘርዝረው ይመለሱና ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ። ጸሐፊያችን ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረች ጊዜ ደግሞ ሁላችን የፈረምንበት የመሰናበቻ ካርድ እሳቸው ዘንድ አንድ ቀን ውሎ መጣ። ሁለት ቦታ በቀይ ተሰምሮበታል። ከታች «መልካም ጉዞ፤ 7 ከ10» ይላል። ልጅቷ ትቀየማለች ስንል፣ አዲሱ መሥሪያ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች አሉ። «እሳቸው ለማንም ከስድስት በላይ ሰጥተው አያውቁም» እያለች ታሳያለች።

ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። ሁለት ቀን ዓይናቸውን አልገለጡም ተብለን አዝነን ገባን። በሦስተኛው ቀን የአልጋው እግር ላይ የተንጠለጠለውን የሕመምተኛ ካርድ አርመው አገኘናቸው። ሐኪሙ አየና፣ «ነገ ይውጡልኝ» አለ።

ባለቤታቸው የእኔ እኩያ ናት፤ ገበያ ስንገናኝ ዘንቢላችንን አስቀምጠን እናወራለን። «እንዴት ቻልሽው?» አልኳት አንድ ቀን።

«እጮኛሞች ሳለን የጻፍኩለትን ደብዳቤ በቀይ አርሞ መለሰልኝ» አለችኝ።

«ታዲያ አገባሽው?»

«ተናድጄ ቀደድኩታ። በኋላ ሳስበው ግን እህቴ፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ያነበበኝ እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ የጻፍኩላቸው ‘የኔ ፍቅር’ የምትለዋን አይተው ነው ወረቀቱን አጥፈው ያስቀመጡት።»

የእኔና የሊቀ እርማት ጠብ ግን በፊደል አልነበረም፤ በደቂቃ ነው። ደወላችን የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ናት፤ ግቢው መሃል ካለው ዛፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥላለች። በየአርባ ደቂቃው ሦስት ጊዜ በመዶሻ እመታታለሁ። ሊቀ እርማት ትምህርታቸው ሲያልቅባቸው ደስ አይላቸውም። በመስኮት አንገታቸውን ያወጣሉ።

«እትዬ ደወል፣ ሠላሳ ዘጠኝ ነው።»

«አርባ ነው መምህር።»

«የእኔ ሰዓት ሠላሳ ዘጠኝ ይላል።»

«እንግዲያው ሰዓትዎን ያርሙት።»

ተማሪው ያውካካል። እኔ መዶሻዬን እሰቅላለሁ። እንዲህ ሆነን ሃያ ሁለት ዓመት ኖርን።

ዛፉ ሥር ቆሜ ስጠብቅ ከመስኮታቸው የሚወጣውን ሁሉ እሰማለሁ። በየዓመቱ የዝናቡ ወራት ሲያልቅ አንድ ትምህርት ይመጣል። «አሥር ዓመት ረጅም ጊዜ ነው» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ይጽፉና «ነው» የምትለዋን ቦታ ባዶ ይተዋሉ። ክፍሉ በአንድ አፍ «አር» ይላል። ሊቀ እርማት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እዚያ ሆኜ ባላያቸውም እንደጨፈኑ አውቃለሁ። «ኢዝ ነው» ይላሉ። «ዓመቶቹ አሥር ናቸው፤ ግን የሰፈርናቸው እንደ አንድ ነው። ባልዲ ሙሉ ውሃ የተሸከመን ሰው ስንት ጠብታ ተሸከምክ ትሉታላችሁ? ጊዜም ሲሰፈር አንድ ሸክም ነው።»

ይኼ ነገር ይገርመኝ ነበር። በገዛ ቋንቋችን እኮ «ሃያ ዓመት ሞላኝ» እንጂ «ሞሉኝ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ማንም አላስተማረንም፤ እንዲሁ እናውቀዋለን። እንግሊዝኛ ሲሆን ግን ከቃሉ ጭራ ላይ ያቺን «ኤስ» ስናይ ብዙ እንግዳ የመጣብን ይመስለንና እንደነግጣለን።

በሃያ ሁለተኛው ዓመት ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ስምንተኛ ክፍልን ያላጠናቀቀ የጽዳትና የተላላኪነት ሠራተኛ ሁሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ካላቀረበ ይሰናበታል ይላል። ደብዳቤውን ከትምህርት ቢሮ ተቀብዬ ያመጣሁት ራሴ ነኝ፤ የትምህርት ቤቱን ፖስታ የማመላልሰው እኔ ነበርኩና። የራሴን ስንብት በገዛ ቦርሳዬ፣ በገዛ እግሬ አመጣሁት።

በልጅነቴ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። በማታ ትምህርት እየተንፏቀቅኩ ስምንተኛ ደርሼ በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል፤ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ያለችው፣ ልጄን ያሳደግኩባት አንዲት ክፍል የትምህርት ቤቱ ናት። ልጄ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ይዣት የት እገባለሁ?

ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ኮሪደር ስወለውል ሊቀ እርማት የረጠበውን ወለል እየዘለሉ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። «እትዬ ደወል፣ ከነገ ጀምሮ በምሳ ሰዓት፣ መምህራን ክፍል። እርሳስ አትያዢ፤ የሚጠፋ ነገር አልወድም።» ይኸው ነው። እሳቸው «ላስተምርሽ ወይ?» አላሉም፤ እኔም «ያስተምሩኝ» አላልኩም።

ሦስት ወር ተማርኩ። ደብተሬ በቀይ ከመጥለቅለቁ የተነሣ ልጄ፣ «እማዬ፣ ደብተርሽን ማን አቆሰለው?» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ያንን የጊዜ ትምህርት አመጡት። «ከኑሮሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሪ» አሉኝ።

«ፎርቲ ሚኒትስ አር ኤ ሎንግ ታይም» አልኩ።

ዓይናቸው ተጨፈነ። «ሃያ ሁለት ዓመት በመስኮት ስትሰሚኝ ኖረሽ?»

«ሰምቻለሁ መምህር። ባልዲውንም አውቀዋለሁ። ግን አርባ ደቂቃ አንድ የሚሆነው ለእርስዎ ነው። እርስዎ ውስጥ ሆነው ሲያስተምሩ ሳያውቁት ያልቅብዎታል። እኔ ዛፉ ሥር ቆሜ አንድ በአንድ ነው የምሸኛቸው። በፀሐይም፣ በዝናብም። አርባ ናቸው። አንዳቸውም ከሌላው ጋር ተደባልቀውብኝ አያውቁም።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። «ድገሚልኝ» እንዲሉ ጠበቅኩ። አላሉም። «እንግሊዞቹም ጊዜው አንድ በአንድ ሲያልፍ ሲያዩት እንደ ብዙ ይቆጥሩታል» አሉ ቀስ ብለው። «ዓመታት አለፉ ሲሉ። እሱን ገና አላስተማርኩሽም ነበር።» ደብተሬ ላይ ሳያሰምሩ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ለፈተናው ግን ኢዝ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። «አራሚው ዛፍ ሥር ቆሞ አያውቅም።»

የእንግሊዝኛው ፈተና ቅዳሜ ጠዋት፣ እኛው ትምህርት ቤት ነበር። ከየመሥሪያ ቤቱ የተሰበሰብን አሥራ አራት ጎልማሶች በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካው ተቀመጥን። የተሰጠን ሁለት ሰዓት ነው። ጠባቂዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከቢሮ የመጣ ወጣት ተቆጣጣሪ፣ ማኅተሙ እንዳይጠፋበት ኪሱን በየደቂቃው የሚዳብስ። ሁለተኛው ሊቀ እርማት።

ተቆጣጣሪው ደንቡን አነበበ። «ፈተናው ሳያልቅ ከክፍሉ የወጣ ተመልሶ አይገባም፤ ይሰረዛል።»

«ሰውየው አይሰረዝም፤ ውጤቱ ነው የሚሰረዘው» አሉ ሊቀ እርማት።

ጀመርኩ። ገባኝ። እንደዚያን ቀን አእምሮዬ ተከፍቶልኝ አያውቅም፤ ጥያቄዎቹን እንደ ደረጃ አንድ በአንድ ወጣኋቸው። ከዚያ የሆነውን በትክክል ልንገራችሁ ብል አልችልም። እግሬ ነው የተነሣው። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ግቢውን አቋርጬ መዶሻዋን ከተሰቀለችበት አወረድኩና ደወሏን ሦስት ጊዜ መታሁ። ርግቦች ከጣሪያው ተነሡ።

ዘበኛው ከማማው ብቅ አለ። «እትዬ፣ ዛሬ ማንን ነው የምታስወጪው? ቅዳሜ እኮ ነው።»

ሰዓቴን አየሁ። ፈተናው ከተጀመረ ልክ አርባ ደቂቃ። መዶሻዋ ከእጄ ወደቀች።

ስመለስ ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆሟል፤ ወረቀቴ በእጁ ነው። «እናቴ፣ ወጥተዋል» አለኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም። «ደንብ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ልምድ ነው ብል ማን ያምነኛል? ሊቀ እርማት ከኋላው መጡ። ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ አየሁና ተስፋ ቆረጥኩ። ለገዛ እህታቸው ልጅ ግማሽ ማርክ የነፈጉ ሰው ናቸው።

«እኔ ነኝ የላክኋት» አሉ።

ተቆጣጣሪው ዞረ። «ምን ብለው?»

«ብዙዎቹ ተፈታኞች ሰዓት አላሰሩም። በየአርባ ደቂቃው ደወል እንድታሰማ አዝዣታለሁ። ሥራዋ ነው።»

«አልነገሩኝም እኮ መምህር።»

«አሁን ነገርኩህ።»

ወጣቱ አሰበ። ወረቀቴን መለሰልኝ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። «ታዲያ በሰማንያውም ልትደውል ነው?»

ሊቀ እርማት ሰዓታቸውን አዩ። «ትደውላለች» አሉ።

ትወልዳለች ያሏት ስህተት ይኸው ወለደች። በሰማንያኛው ደቂቃ ድርሰቴን መሃል ላይ አቁሜ ወጣሁ፣ ደወልኩ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጬ ተመለስኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ሾፌር፣ «እትዬ፣ የመጨረሻዋን ትንሽ ታዘገይልናለሽ?» ብሎ ሹክ አለኝ። አላዘገየሁም።

ቀላሉ ይኼ ነበር። ሊቀ እርማት ከሰኞ ጀምሮ ታመሙ። ክፍል ገብተው ያስተምራሉ፤ ግን ተማሪው «አር» ሲል ዝም ብለው ያልፋሉ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ሁለት ደቂቃ አስቀድሜ ደወልኩ። ከመስኮቱ ማንም አንገቱን አላወጣም። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ባለቤታቸው ገበያ ላይ እጄን ያዘችኝ። «ሰውዬውን ምን አደረጋችሁብኝ? ጋዜጣ በባዶ እጁ እያነበበ ነው።»

«እስክሪብቶ ሳይዙ?»

«ሳይዝ። የፈተናው ሪፖርት ላይ የፈረምኩት ውሸት ነው ይላል። ላክኋት ብዬ ጽፌአለሁ፣ አላክኋትም ይላል። ምን ማለቱ ነው?»

ነገርኳት። «ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኳት።

«ምን ያደርጋል? ያርመዋላ» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ካረሙት ውጤቴ ይሰረዛል። አልፈረድኩባቸውም፤ ዓሣን ለምን ትዋኛለህ ይሉታል? ቤቴ ገብቼ ዕቃዬን በዓይኔ መለካት ጀመርኩ። አልጋው ሳይፈታ በበሩ አይወጣም። የልጄ መጻሕፍት ሁለት ካርቶን ይሞላሉ። ለእሷ አልነገርኳትም።

ሐሙስ ፖስታ ይዤ ልወጣ ስል ሊቀ እርማት መጡ። የታሸገ ኤንቨሎፕ ሰጡኝ። የቢሮውን አድራሻ በዚያ እንደ ማተሚያ በተስተካከለ እጃቸው ጽፈውበታል።

«እትዬ ደወል፣ ይኼንንም» አሉ። ፊቴን አላዩም።

«ምንድነው መምህር?»

«እርማት ነው።»

ሄዱ። እስቲ አስቡት። ቢሮው ወደ ቤታቸው በሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው፤ ማታ ሲገቡ በገዛ እጃቸው ማስገባት ይችሉ ነበር። ያ ደብዳቤ እንዳይደርስ የምትመኝ አንዲት ሴት በዓለም ላይ ብትፈለግ እኔ ነኝ። ለእኔ ሰጡኝ። የዋህነት ይሁን ሌላ፣ እሱን ለእናንተ ትቸዋለሁ።

እስከ ሰኞ ቦርሳዬ ውስጥ ተሸክሜው ዞርኩ። ልቅደደው አልኩ፤ የእሳቸውን እጅ ጽሑፍ ሳይ እጄ እምቢ አለ። ላድርሰው ብዬ የቢሮው ደጅ ድረስ ሄድኩ፤ እግሬ እምቢ አለ። ሰኞ በረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገባሁ። መምህራኑ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ኤንቨሎፑን ሊቀ እርማት ፊት አስቀመጥኩት። እለምናቸዋለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«መምህር፣ አድራሻው ላይ ስህተት አለ።»

ሊቀ እርማትን ያረመ ሰው ታይቶ አይታወቅም። የሒሳብ መምህሩ ሻዩን አፉ ድረስ አምጥቶ እዚያው አቆመው።

ኤንቨሎፑን አነሡ። አድራሻው አንዲት ጭረት አልጎደለውም። እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። ረጅም ጊዜ ወለወሉ።

«እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አሉ።

«አድራሻው ላይ ስህተት አለ» አልኩ።

መነጽሩን አደረጉና አዩኝ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «አርሜ እሰጥሻለሁ።» ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

በማግሥቱ ደወል ስመታ አንገታቸው በመስኮት ወጣ። «ሠላሳ ዘጠኝ ነው» አሉኝ። ያን ቀን ሠላሳ ዘጠኝ ነበር፤ አርባ ነው ብዬ ተከራከርኳቸው።

ውጤቱ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ። ሃምሳ ሦስት። ወረቀቱን አይተው፣ እንኳን ደስ አለሽ እንኳ ሳይሉ፣ «አርባ ሰባቱስ የት ሄደ?» አሉኝ። እስከ ጡረታዬ ያችኑ ደወል መታሁ። ልጄም ከዚያችው ክፍል ተነሥታ ኮሌጅ ገባች።

አሁን ሁለታችንም ጡረተኞች ነን። ዓይናቸው ደክሟል። እሁድ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው አነባበቤን ያርማሉ። እሁድ ጎረቤት ሲጠራኝ ሰበብ ፈልጌ እቀራለሁ፤ እዚያ ግን ቀርቼ አላውቅም። ባለፈው ባለቤታቸው ወደ ውስጥ ስትገባ ጠብቄ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅኳቸው።

«መምህር፣ ያ ደብዳቤ ምን ደረሰ?»

ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ።

«አድራሻው አስቸግሮኛል» አሉ። «አንብቢ፤ ቀጥዪ።»